ሸራ ጫማ በዋልካ ሰፈር፦ አመራረጡ፣ አስተጣጠቡ፣ አጠጋገኑ

ሸራ ጫማ ስትገዙ ቀለሙን በኋላ እዩት። መጀመሪያ የሚታየው ጨርቁና ጎማው የሚገናኙበት ቦታ ነው። በጫማው ዙሪያ የሚዞር የጎማ ጥብጣብ አለ፤ እኔ መቀነት እለዋለሁ። ሸራ ጫማ የሚበላሸውም የሚቆየውም በዚህ መቀነት ነው። ጨርቁ ቢቀደድ ይጣፋል። ማሰሪያው ቢበጠስ ይቀየራል። መቀነቱ ከለቀቀ ግን ውሃ ይገባል። ውሃ ከገባ ገበሩ ይሻግታል፣ ውስጡ ይሸታል፣ ጨርቁም ከስር መበስበስ ይጀምራል።

የምሠራው ኮዬ ፈጬ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ መውጫ ላይ ባለች የላሜራ ሱቅ ውስጥ ጫማ አጥባለሁ፣ እጠግናለሁ። ሰፈራችንን የሚያውቅ ሰው አፈሩንም ያውቀዋል። ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እግር ይዞ አይለቅም። አስፋልቱ አለ፣ ኮብልስቶኑም አለ፤ በሁለቱ መካከል ግን ጭቃ የሚረገጥበት ቦታ አይጠፋም። ታክሲ ሊይዝ የሚሮጥ ተማሪም፣ ቢሮ የሚገባ ሰውም እዚያው ላይ ይረግጣል። ብዙው ሰው ደግሞ የሚያደርገው ሸራ ነው። ቀላል ነው፣ ከቆዳ ይረክሳል፣ ከሁሉም ልብስ ጋር ይሄዳል። በትንሽ እንክብካቤ ብዙ መቆየት የሚችል ጫማ በአንድ ክረምት ሲጣል ሳይ ያንገበግበኛል።

መስመሩና ስሙ

ስለ መቀነቱ ታሪክ የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር ዳር የመርከብ ምህንድስና ተምሮ አሁን በውጭ አገር መርከብ ላይ ይሠራል። ለእረፍት መጥቶ ሱቄ ቁጭ ብሎ ነጭ ሸራ ስፈትግ ሲያየኝ፣ "እታለም፣ ይህቺ መስመር እኮ መርከብ ላይም አለች። እንግሊዞች ጫማውን የሰየሙት በእሷ ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር አንዳንድ የመርከብ ባለቤቶች ከአቅም በላይ እየጫኑ መርከብ ይልኩ ነበር። መርከቡ ቢሰጥም ኢንሹራንስ ይከፍላቸዋል። የሚሞተው መርከበኛው ነው። ሰዉ እነዚያን መርከቦች የሬሳ ሣጥን ይላቸው ነበር። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የደርቢ ከተማ የፓርላማ አባል ይህን ለማስቆም ለዓመታት ታገለ። በ1875 ሕጉ ወደ ጎን ሊባል ሲል ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥቶ በቁጣ ጮኸባቸው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1876፣ መርከብ ሁሉ በጎኑ ላይ የጭነት ምልክት እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ምልክቱ ክብ ነው፤ መሃሉን አግድም መስመር ያቋርጠዋል። ውሃው ከመስመሩ በላይ ከወጣ መርከቡ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። ያም ሆኖ መስመሩን የሚያሰምረው ባለቤቱ ራሱ ስለነበር እንደፈለገ ከፍ ሊያደርገው ይችል ነበር። ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890 ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች ለባሕር ዳርቻ ሽርሽር የሚያደርጉት ቀላል ጫማ ነበራቸው። ላዩ ሸራ፣ ሶሉ ጎማ። የአሸዋ ጫማ ይሉት ነበር። በ1870ዎቹ ግን ፕሊምሶል ይሉት ጀመር። ምክንያቱ በሁለት መልክ ይነገራል። አንደኛው፣ በጫማው ዙሪያ ያለው መስመር የመርከቡን መስመር ስለሚመስል ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ውሃ ከጎማው መስመር በላይ ከወጣ እግር ይረጥባልና ነው ይላል። እኔን የሚጥመኝ ሁለተኛው ነው። የየቀኑ ሥራዬ እሱ ነውና።

እንግሊዝ አገር ዛሬም ልጆች ለስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚያደርጉትን ተራ ሸራ ፕሊምሶል ይሉታል። ሁሉም ቦታ ግን አይደለም። ሰውየው በተወለደባት በብሪስቶል ከተማ ያሉ ሰዎች ዳፕስ ነው የሚሉት። ስኮትላንድ ውስጥ ጋቲስ ይባላል፤ ጉታ ፐርቻ ከሚባል ጎማ መሳይ የዛፍ ሙጫ የመጣ ስም ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ስኒከር አሉት። የጎማ ሶል ኮቴው ስለማይሰማ፣ ሰው ሳያውቅ ቀስ ብሎ ለመሄድ ይመቻል ብለው ነው። እኛ ስኒከር የሚለውን ወስደን ለስፖርት ጫማ ሁሉ ሰጠነው፤ ሸራውን ግን ሸራ ብለን ተውነው። ጥሩ አድርገናል፤ ከምን እንደተሠራ ስሙ ራሱ ይናገራል።

አመራረጥ

እነዚህ ስሞች ለገበያም ይጠቅማሉ። የድምፁን ነገር ውሰዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ጫማውን ከጉልበት ከፍታ ላይ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ጣል አድርጉት። እውነተኛ ጎማ ድምፁ ድፍን ነው። ደረቅ ፕላስቲክ ቀጭ ይላል። ቀጭ የሚለው ሶል እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ መቀነቱን እዩ። መቀነት የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው። ጥሩው ጫማ ሲሠራ ጨርቁ፣ መቀነቱና ሶሉ ጎማው ገና ጥሬ እያለ ይገጣጠሙና አንድ ላይ ምድጃ ይገባሉ። ጎማው እዚያ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይበስላል። ይህ ሊሆን የቻለው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ እንደሚያጠነክረው ስለደረሰበት ነው። ከዚያ በፊት ጎማ በሙቀት ይቀልጥና ይጣበቅ፣ በብርድ ደግሞ ይሰነጠቅ ነበር። ርካሹ ጫማ ግን በልኩ የተዘጋጀ ሶል በሙጫ ይለጠፍበታል፤ በቃ። አንዳንዱማ መቀነት የለውም፣ መስመሩ ሶሉ ላይ የተሣለ ነው።

ለመለየት ጫማውን ከጣቶቹ ጋ እጠፉት። መቀነቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ ከታጠፈ ደህና ነው። በመሃላቸው ፀጉር የምታክል ክፍተት እንኳ ካያችሁ ተዉት። እጥፉ ላይ ነጭ ሙጫ ብቅ ካለም ተዉት። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር በመስመሩ ላይ አስኪዱት፤ ጥፍራችሁ የሚገባበት ቦታ ካለ ጭቃም ይገባበታል።

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡት። ጥሩ ሸራ ድርብ ስለሆነ ብርሃን በቀላሉ አያሳልፍም። የማሰሪያው ቀዳዳዎች ቀለበት ብረት ከሆነ ይዝጋል፤ ዝገቱም ጨርቁ ላይ ይወርዳል፤ ማግኔት ያለው ሰው ይሞክረው። ከውስጥ በኩል በእግር ጎድጓዳ ጋ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ እንከን አይደሉም። አየር ማስገቢያ ናቸው። ውሃም የሚገባው በእነሱ ስለሆነ ከመቀነቱ ምን ያህል ከፍ እንዳሉ አስተውሉ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ሸራ እንደ ቆዳ እየሰፋ አይሄድም። የጥጥ ሸራ እንዲያውም ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ።

ሳልባጅ አትናቁ። ከቦንዳ የወጣ፣ አብሮ የበሰለ ጎማ ያለው ያገለገለ ጫማ፣ በሙጫ ከተለጠፈ አዲስ ጫማ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ምናለሽ ተራ ለመሄድ ጊዜ ያለው ሰው ጥሩ ነገር ያገኛል። የአገር ውስጥ ሥራም አለ፤ የዘነበወርቁ ሶልሬብልስ በእጅ የተሸመነ ጥጥና ያገለገለ የመኪና ጎማ አገናኝቶ ጫማ ይሠራል፤ ሐሳቡም ከበረባሶ የመጣ ነው። የመኪና ጎማ ሶል ለእኛ መንገድ የሚስማማ ነው፣ በቀላሉ አያልቅም።

በክረምት ስታደርጉት

ወንድሜ የነገረኝ ሌላ ነገር አለ። መርከብ ላይ ከክቡ አጠገብ ሌሎች መስመሮችም ይሰመራሉ። የበጋ አለ፣ የክረምት አለ። የክረምቱ ከበጋው ዝቅ ያለ ነው። ባሕሩ ስለሚናወጥ መርከቡ ያነሰ ይጫናል፣ ከፍ ብሎም ይንሳፈፋል።

ሸራ ጫማ ላይም የክረምት መስመር አስቡ። በበጋ እርጥበቱ መቀነቱ ጫፍ ድረስ ቢመጣ ግድ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ልካችሁ የመቀነቱ ግማሽ ይሁን። ከዚያ በላይ የሚያሰጥም መንገድ ካለባችሁ እስከ አስፋልቱ በቦቲ ሂዱና ሸራውን በፌስታል ያዙት። ብዙ ደንበኞቼ እንዲህ ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ቦቲውን እኔ ጋ ያስቀምጣሉ፤ በየሰፈሩ ያሉ የሱቅ ሰዎችም እሺ ይላሉ ብዬ አምናለሁ፣ ጠይቁ።

ሌላው፣ የረጠበ ሸራ በማግስቱ አታድርጉ። በክረምት ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ውስጡ እርጥብ ሳለ ሲረገጥ ንጣፉ ይታሻል፣ ሙጫው ይለሰልሳል፣ መቀነቱ ከተረከዝ ጋ መላቀቅ ይጀምራል። ሁለት ርካሽ ጫማ እየቀያየሩ ማድረግ አንድ ውድ ጫማ በየቀኑ ከማድረግ ይሻላል።

አስተጣጠብ

እርጥብ ዋልካ አትጥረጉ። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። የዋልካ ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው። እርጥብ ሆኖ ሲታሽ በሽመናው መካከል ይሰርጋል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ሳሙና ብታፈሱ ግራጫ ጥላው አይለቅም። ተዉት፣ ይድረቅ። ሲደርቅ ሁለቱን ጫማ በሶላቸው አጋጩ፤ አብዛኛው ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። የቀረውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ሶሉ መሃል የገባውን በእንጨት ጫፍ ጎርጉሩ። ውሃ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ማሰሪያውን ሙሉ በሙሉ አውጡ። የውስጥ ንጣፉ የሚወጣ ከሆነ አውጡ። ለየብቻ ይታጠባሉ።

ውሃችን በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኑን ማን እንደሚቆጥረው አውቃለሁ። ለአንድ ጥንድ ጫማ ብዙ አያስፈልግም። ልብስ ያለቀለቃችሁበት የመጨረሻ ውሃ ለመጀመሪያው እጥበት ይበቃል፣ ቀለም ያለቀቀ ከሆነ ብቻ። ንጹሑን ውሃ ለማለቅለቂያ አስቀምጡ። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። የፈላ ውሃ ሙጫ ያላቅቃል።

ጫማውን አትዘፍዝፉት። ብሩሹን ሳሙናው ውስጥ እየነከራችሁ በጨርቁ ላይ ፈትጉ። አጃክስ ሳሙናም ኦሞም ይሆናል፤ ኦሞ ከሆነ ትንሽ ብቻ፣ በደንብ የሟሟ። በሽመናው አቅጣጫ ሂዱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን። መስመሩ ላይ ስትደርሱ ብሩሹን ቀይሩ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያዙና በመስመሩ ርዝመት ሂዱ። ወደ ላይ እየገፋችሁ አትፈትጉ፤ ጨርቁን ከጎማው ትነቅሉታላችሁ። የመቀነቱን ጎማ ለማንጣት የጥርስ ሳሙና ከሁሉም ይሻላል። ቀባ አድርጉ፣ አሹ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

ከቡራዩ ወይም ከእንጦጦ ሥር የሚመጡ ሰዎች ጫማ ሌላ ነው። የዚያ አፈር ቀይ ነው፤ ቅላቱ ከብረት ማዕድን ስለሚመጣ እድፉ እንደ ዝገት ይይዛል። ነጭ ሸራ ላይ ከቀረ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ አለቅልቁት። ባለ ቀለም ጨርቅ ላይ ግን መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ።

አሁን ወደ በረኪና እንምጣ። ነጭ ሸራ ቢጫ ሆኖብኛል እያለ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በበረኪና አጥቦታል። በረኪና መጀመሪያ ያነጣል። ግን ሽመናው ውስጥ ይቀራል። ጫማው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ጨርቁና ጎማው ቢጫ ይሆናሉ፣ ጎማውም ይደርቃል። ስለዚህ አታስነኩት። ሳሙናም ቢሆን በደንብ ካልተለቀለቀ ያው ቢጫ ነው። ለማለቅለቂያው የመጨረሻ ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጨምሩ፤ የሳሙናውን ቅሪት ያወጣል። ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ከዚያ ነጭ ሸራ ከሆነ በሶፍት ጠቅልሉት። ዝም ብሎ የሰፈር ልማድ አይደለም፣ ምክንያት አለው። ውሃ የሚተነው ከላይኛው ገጽ ነው፤ ሲወጣ የቀረውን ቆሻሻና ሳሙና ይዞ ይወጣና የተነነበት ቦታ ላይ ይተወዋል። ሶፍት ካለ ቆሻሻው ሶፍቱ ላይ ይቀራል። ሶፍቱ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ሳይሸበሸብ ልጥፍ ይበል፤ በተለይ መስመሩ ላይ ሁለት ዙር አድርጉ። ሲደርቅ ስታነሡት ቢጫው ወረቀቱ ላይ ይታያችኋል።

ውስጡን በአሮጌ ጨርቅ ሙሉት። ጋዜጣ ውሃ ይመጥጣል፣ ነጭ ገበር ላይ ግን ቀለሙን ይለቃል። አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አቁሙት። በረንዳ ይበቃል። ከሰል ምድጃ አጠገብ፣ የፍሪጅ ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ እነዚህ ሦስቱ የመቀነት ጠላቶች ናቸው።

የለቀቀ መቀነት ሲጣበቅ

ይህ ሥራ ቤት ይሠራል። ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ መዶሻ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ደጅ ላይ ሥሩ፤ የማስቲሽ ሽታ ሳንባ ይጎዳል። ቆርቆሮውን ልጆች በማይደርሱበት አስቀምጡ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው፤ በየጎዳናው የምናያቸውን ልጆች አስቡ።

የለቀቀውን ቦታ ክፈቱና ውስጡን አጽዱ። አሸዋ፣ የድሮ ሙጫ፣ የደረቀ ጭቃ ሁሉ ይውጣ። ፍጹም ይድረቅ፤ ዛሬ ከታጠበ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይጣበቅ። የጎማውን ውስጠኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር እሹት። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ በሁለቱም ወገን ቀቡ፣ ጎማውም ላይ ጨርቁም ላይ። ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። እርጥብ ማስቲሽ አይዝም። ወደ 10 ደቂቃ ያህል ቆዩና በጣት ንኩት፤ ጣታችሁ ላይ ካልመጣ ደርሷል። ጨርቁ ብዙ ከመጠጠ ሁለተኛ ዙር ቀቡና እንደገና ጠብቁ።

ስትገጥሙት ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። አንዴ ከነካ መመለስ የለም፣ ስለዚህ ልኩን መጀመሪያ እዩ። ከዚያ ውስጡ እንጨት ወይም ድንጋይ ደግፋችሁ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ማስቲሽ የሚይዘው በተጫናችሁት ጉልበት ነው እንጂ አስራችሁ ባቆያችሁት ጊዜ ርዝመት አይደለም። ያም ሆኖ አንድ ሌሊት ሳይረገጥ ይደር።

ከጣቶቹ ጋ፣ እጥፉ ላይ የለቀቀ ከሆነ ማስቲሽ ብቻውን አይበቃም። ይሰፋ። በወስፌ መቀነቱን እየበሳችሁ በናይለን ክር፣ ከመቀነቱ የላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ፣ አንድ መስመር አስኪዱ። ስፌቱ በጣም አይጠጋጋ፤ ቀዳዳ የበዛበት ጎማ በዚያው ይቀደዳል። ወስፌ ካልለመዳችሁ ለጫማ ሰፊ ስጡት፤ "ከመቀነቱ ላይ በናይለን ስፋልኝ" በሉት። ስፌቱ ካለቀ በኋላ የሻማ ጫፍ ውሰዱና ክሩ ላይ አሹት። ሰሙ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ከዚያ ሞክሩት። ሳፋ ውስጥ የመቀነቱን ግማሽ ብቻ የሚደርስ ውሃ አድርጉ። ጫማው ውስጥ ደረቅ ሶፍት ዘርጉና ውሃው ላይ አቁሙት፤ እንዳይንሳፈፍ እጃችሁን ጣል አድርጉበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሶፍቱን አንሡ። ደረቅ ከሆነ ጫማው ለመንገድ ደርሷል። ከረጠበ የረጠበው የት ጋ እንደሆነ እዩ፤ በውጭ በኩል ትይዩውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፣ ጫማውን ሁለት ቀን አድርቁት፣ ያንን ቦታ ብቻ እንደገና ክፈቱና አጣብቁ።